የባዮጋዝ ዝቃጭ ወደ ማሳ ወይስ ወደ ምድጃ?



በዛሬው ስብሰባ እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ፣ ሲሰሙት፣ ከመምህራን ጉባኤ ይልቅ ለገበሬዎች ማኅበርና ለወጥ ቤት የሚስማማ ይመስላል። ጉዳዩ ከባዮጋዝ ማብላያ የሚወጣውን ዝቃጭ አድርቆና ጨምቆ ጠጣር ማገዶ ማድረግ ነው። ይህ ሊሠራ ይችላልን? ቢቻልስ ሊሠራ ይገባዋልን? የምንፈልገው የአሠራሩን ዘዴ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ የመሐንዲስ ጽሑፍ በበቃን ነበር። ዳሩ ግን ማገዶ በአገራችን የትምህርት ጉዳይም ነው። እንጨት ለቅማ ስትመለስ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የሚያልፍባትን ልጅ የማያውቅ የገጠር መምህር የለም። የተማሪዎችን ምሳ የሚያበስል ትምህርት ቤት ያለውም ርእሰ መምህር በየቀኑ የሚነደው እንጨት ከየት እንደሚመጣና ስንት እንደሚያስወጣ ያውቀዋል። ስለዚህ ጉዳዩን በፊታችሁ ሳቀርብ ከሥራችን ውጭ የሆነ ነገር አመጣሁ ብዬ አላስብም።

ነገሩን ከራሳችን ቋንቋ ልጀምር። አማርኛችን ከከብት ለሚገኘው ለዚህ ለአንዱ ነገር ሦስት ስም አለው። ትኩሱ እበት ነው። ከገለባ ጋር ተለውሶ፣ ተጠፍጥፎና በፀሐይ ደርቆ ለእሳት ሲዘጋጅ ኩበት ይባላል። ተከማችቶና በስብሶ ወደ እርሻ ሲወጣ ደግሞ ፍግ ነው። የስሙ መለያየት የሚያመለክተው ነገሩ የሚሄድበትን መንገድ ነው። ኩበት የሆነው እበት ዳግመኛ ፍግ ሊሆን አይችልም፤ ፍግ የሆነውም ድስት አያፈላም። እያንዳንዱ የገበሬ ቤት በየዓመቱ ከሁለቱ መንገዶች አንዱን ይመርጣል፤ ወይም ችግር ይመርጥለታል።

ዛፍ በተመናመነባቸው ደጋማ አገሮቻችን፣ በወሎም ሆነ በጎንደር፣ በሰሜን ሸዋም ሆነ በሌላው፣ ኩበት ለብዙ ዘመን እንጀራ ሲጋግር፣ ወጥ ሲያበስልና ቤት ሲያሞቅ ኖሯል። አዲስ አበባ ራስዋ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በማገዶ እጦት ተቸግራ ከችግርዋ የወጣችው ከአውስትራሊያ በመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ኩበት የምታነደውን እናት አፈሩን አራቆትሽ ብሎ መንቀፍ ይቀላል። ነገር ግን የማሳው ፍሬ የሚደርሰው ከወራት በኋላ ነው፤ እራት የሚፈለገው ግን ዛሬ ማታ ነው። ከእርስዋ ጋር የሚነጋገር ሰው ከምክር በፊት ሌላ እሳት ይዞላት መሄድ አለበት።

ጉዳቱ ግን እውነት መሆኑን አንዘንጋ። ኩበት ሲነድ በውስጡ የነበረው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ይበናል። ፎስፎረሱና ፖታሲየሙ በአመዱ ውስጥ ይቀራሉ፤ አመዱም ብዙ ጊዜ ማሳ ሳይደርስ ከጓሮ ይደፋል። እንዲህ እየሆነ ከማሳው የወጣው ወደ ማሳው ሳይመለስ ዓመት በዓመት ላይ ይደራረባል።

ባዮጋዝ የተወደደው እነዚህን ሁለት መንገዶች የሚያስታርቅ ሆኖ በመገኘቱ ነው። እበትና ውኃ እኩል ለእኩል ተበጥብጦ አየር በማይገባው ጕድጓድ ሲቀመጥ፣ በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ሕዋሳት ያብላሉታል። ከዚያ የሚወጣው ጋዝ ከመቶ ከ50 እስከ 70 የሚሆነው ሚቴን ነው፤ እርሱም በሰማያዊ ነበልባል ጭስ ሳያበዛ ይነዳል። አንድ ኪሎ ግራም የከብት እበት ከ35 እስከ 40 ሊትር ያህል ጋዝ ይሰጣል። ናይትሮጅኑ፣ ፎስፎረሱና ፖታሲየሙ ግን ከሞላ ጎደል በዝቃጩ ውስጥ ይቀራሉ። እንግዲህ ከአንድ እበት እሳትም ፍግም ተገኘ ማለት ነው።

በአገራችን የመጀመሪያው ማብላያ የተሠራው በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት እንደ ነበረ ይነገራል፤ የተፈለገውም ለእርሻ መሣሪያዎች ብየዳ የሚሆን ኃይል ለማግኘት ነበር። ሥራው የተጀመረው በትምህርት ቤት ግቢ መሆኑን ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመታት በሙከራ አልፈው እ.ኤ.አ. በ2009 ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች ሥራውን ጀመረ። በመጀመሪያው ምዕራፍ 14 ሺህ ማብላያዎች እንዲሠሩ ታቅዶ እስከ 2013 መጨረሻ ድረስ ከ8 ሺህ በላይ ተሠርተዋል። ስንዱ የሚል ስም የተሰጠው ንድፍ ከኔፓሉ ጂ.ጂ.ሲ. 2047 የተወሰደ ነው። ቁጥሩ የኔፓል ሕዝብ በራሱ ዘመን አቈጣጠር የሚጠራው ዓመት ሲሆን በአውሮፓውያን አቈጣጠር 1990 ነው፤ የራሱ አቈጣጠር ላለው ለእኛ ሕዝብ ይህ እንግዳ አይሆንም።

አንድ ችግር ግን ሳይፈታ ቀረ። የእንጀራ ምጣድ ሰፊና ብርቱ እሳት ይፈልጋል። ስለዚህ ብዙው የባዮጋዝ ባለቤት ቡናውንና ወጡን በጋዝ እየሠራ እንጀራውን በእንጨትና በኩበት መጋገሩን አላቋረጠም። የዛሬው ጥያቄያችን የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው። ከማብላያው በየቀኑ የሚወጣው ዝቃጭ በደጅ ተቀምጦ እየታየ፣ እርሱን አድርቀን ለምጣዱ ብናነደውስ የሚል ሐሳብ ለማንም ሰው ይመጣል።

ነገሩን በሒሳብ እንመርምረው። ከመቶ ኪሎ ግራም ዝቃጭ 93 ኪሎ ግራም ያህሉ ውኃ ነው፤ ደረቁ ክፍል 7 ኪሎ ግራም ቢሆን ነው። ይህ ደረቅ ክፍል ሲነድ በኪሎ ግራም 12 ሜጋጁል ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ በጠቅላላው 84 ሜጋጁል ይሆናል። ውኃውን በእሳት ለማትነን ግን በኪሎ ግራም 2.3 ሜጋጁል ያህል ስለሚያስፈልግ ከ210 ሜጋጁል በላይ ይጠይቃል። ከሚገኘው ይልቅ የሚወጣው ከሁለት እጥፍ በለጠ። ስለሆነም ዝቃጭን በእሳት ማድረቅ ከንቱ ድካም ነው፤ ሥራው ትርፍ የሚኖረው ውኃው በአሸዋ ውስጥ ተጠልሎ የቀረውን ፀሐይና ነፋስ ሲያደርቁት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ሒሳብ የጥራት ነው። ከሚነደው አካል ከፊሉን ጋዙ አስቀድሞ ወስዶታል፤ በዝቃጩ ውስጥ የአመዱ ድርሻ ከፍ ብሏል። ደኅና የደረቀ እንጨት በኪሎ ግራም 16 ሜጋጁል ያህል፣ ከሰል ደግሞ 29 ያህል ሲሰጡ፣ የደረቀው ዝቃጭ ከኩበትም ጥቂት ያንሳል። በፀሐይ ሲደርቅም ለተክል እጅግ የሚጠቅመው የአሞኒያ ናይትሮጅን ይተንናል። እንግዲህ ማሳ ያለው ገበሬ ዝቃጩን አድርቆ ቢያነድ መናኛ ማገዶ ለማግኘት ሲል ጥሩ ፍግ አጠፋ ማለት ነው። ባዮጋዙ የሠራለትን እርቅ በገዛ እጁ አፈረሰው። ለምጣዱ የሚያስፈልገውን ማገዶ ከባሕር ዛፉ ቅርንጫፍና ከተሻሻለ ምድጃ ቢፈልግ ይሻለዋል።

ይህ ፍርድ በገጠር የጸና ነው። በሌላ ስፍራ ግን ይለወጣልና፣ ማሳ የሌለበት ከተማ ምን ያድርግ ብለን ለመጠየቅ ወደ ጎረቤታችን ወደ ደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ወደ ጁባ እንሻገር። ጁባን የመረጥሁት ሁለት ነገር ስላለው ነው። አንደኛ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በንግድ፣ በምግብ ቤትና በሆቴል ሥራ የሚኖሩባት ከተማ በመሆንዋ ኑሮዋ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ሁለተኛ፣ ጥያቄያችን እዚያ ያለ መጋረጃ ይታያል።

ጁባ በነጭ ዓባይ ዳር ያለች፣ አገሪቱ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 9 ቀን 2011 ነፃነትዋን ካወጀች ወዲህ ፈጥና የሰፋች ከተማ ናት። ከሰፈሮችዋ አንዱ ኒምራ ታላታ ይባላል፤ በዚያ አገር ዐረብኛ ቁጥር ሦስት ማለት ነው። በእንዲህ ያለው ሰፈር ቤትና ቤት የተጠጋጋ ነው፤ ከብት ታስሮ የሚውልበት ደጅ፣ ፍግ የሚበተንበት እርሻ የለም። ምግቡ የሚበስለው በአብዛኛው በከሰል ነው። በየመንገዱ ጥላ ሥር ሻይ አፍልተው የሚሸጡት ሴቶችም የዕለት ገቢያቸውን የሚከፍሉት አስቀድመው ለከሰሉ ነው። ያ ከሰል የሚመጣው ከከተማዋ ውጭ ካለው ዱር ነው፤ ዛፉ በተቈረጠ ቍጥር መንገዱ ይርቃል፣ መንገዱ በራቀ ቍጥር ዋጋው ይወጣል። በሌላ በኩል ከተማዋ በአብዛኛው የቆሻሻ ውኃ ማስተላለፊያ ቧንቧ የላትም። የመጸዳጃው ጕድጓድ ሲሞላ በመኪና ተመጥጦ ከከተማ ውጭ ይደፋል፤ የማስመጠጫ ገንዘብ ያጣውም ቤት ሞልቶ ሲፈስስ ያያል። እ.ኤ.አ. በ2014 በጁባ የተነሣው የኮሌራ በሽታ እንዲህ ያለው ነገር ወዴት እንደሚያደርስ አሳይቷል።

በዚህ ስፍራ ማብላያ ቢሠራ፣ ዝቃጩ ለባለቤቱ ሀብት ከመሆን ይልቅ ሸክም ይሆንበታል። ከመቶ 93ቱ ውኃ የሆነውን ነገር በመኪና ጭኖ እርሻ ፍለጋ መሄድ የሚያዋጣ አይደለም። እርሻ የማያገኘው ዝቃጭ ወንዝ ያገኛል። ስለዚህ በጁባና እርስዋን በመሰለ ከተማ ዝቃጩን አድርቆ ማገዶ ማድረግ ሁለት ጉዳይ በአንድ ጊዜ ይፈጽማል፤ ቆሻሻውን ከውኃ ያርቃል፣ ከከሰሉም ጥቂት ይተካል።

ጥቂት ማለቴን ግን አስምሩበት። አንድ ሰው በቀን የሚያወጣው ዓይነ ምድር 25 ሊትር ያህል ጋዝ ቢሰጥ ነው፤ አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ ለግማሽ ሰዓት ያህል የአንድ ምድጃ እሳት ያገኝበታል። ስለዚህ ማብላያ በየቤቱ መሥራት ትርፍ የለውም፤ የሚያዋጣው በገበያ፣ በትምህርት ቤት፣ በእስር ቤት፣ በሆስፒታል ባለው የጋራ መጸዳጃ ነው። ከሺህ ሰዎች በቀን የሚገኘው ደረቅ ዝቃጭ ከተብላላ በኋላ 20 ኪሎ ግራም ያህል ቢሆን ነው፤ ሙቀቱም ከ8 ኪሎ ግራም ከሰል ጋር ይተካከላል። እንግዲህ ቆሻሻችን ከከሰል ነፃ ያወጣናል ብሎ ለሕዝብ ተስፋ የሚሰጥ ሰው ቢነሣ ይህን ቍጥር አቅርባችሁ ጠይቁት።

ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? ጥቅሙ የሚገኘው ሌላው ከሚጥለው ነገር ጋር ሲቀላቀል ነው። በከሰል ተራ ከጆንያው ሥር የሚቀረው ድቃቂ ከአሥር ኪሎ አንድ ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል፤ አንድም ምድጃ አያነደውም፤ በነፋስና በዝናብ ይጠፋል። ድቃቂው ብቻውን አይያያዝም፤ ማጣበቂያ ይፈልጋል። ዝቃጩም ብቻውን ደካማ ማገዶ ነው፤ ነገር ግን ያልተብላላው ጭረት በውስጡ ስላለ፣ እበት ከጭቃ ጋር ሆኖ ግድግዳ እንደሚይዝ ሁሉ፣ ድቃቂውን ይይዘዋል። በከብት ገበያና በቄራ የሚከማቸው ፍግ ሲታከልበት ደግሞ መጠኑ ከፍ ይላል። ሁለት የተጣሉ ነገሮች ተጋግዘው አንድ የሚሸጥ ነገር ይሆናሉ።

የአሠራሩን ሥርዓት በአጭሩ ልናገር። በመጀመሪያ ዝቃጩ በጠጠርና በአሸዋ በተነጠፈ ገንዳ ላይ ፈስሶ ውኃው ይጠለላል፤ ከላይም የዝናብ መከለያ ይደረግለታል። በጁባ ለዚህ ሥራ የሚመቸው ከኅዳር ወይም ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለው ደረቅ ወራት ነው። ሁለተኛ፣ ገና እርጥበት ያለው ዝቃጭ ከተነፋ የከሰል ድቃቂ ጋር ይቦካል። እንደ አካባቢው ሰጋቱራ ወይም የቡና ገለፈት ሊጨመርበት ይቻላል፤ የማይያያዝ ከሆነም ጥቂት የሸክላ አፈር ወይም ሞላሰስ ያግዘዋል። ልኩን የሚወስነው ሙከራ ነው፤ ድቃቂው ሲበዛ ይሰባበራል፣ ዝቃጩ ሲበዛ ይጨሳል፣ አፈሩ ሲበዛ አመድ ብቻ ይሆናል። ሦስተኛ፣ በእጅ በሚሠራ መጭመቂያ ተጨምቆ፣ መካከሉ አየር እንዲያገኝ ቀዳዳ ተደርጎለት፣ ለጥቂት ቀናት ይደርቃል። ከወገብ ከፍታ ሲወድቅ የማይፈርሰው ብሪኬት ለገበያ የደረሰ ነው።

ከመጸዳጃ በመጣው ዝቃጭ ላይ ግን አንድ የማይታለፍ ሕግ አለ። በማብላያው ውስጥ ያለው ለብ ያለ ሙቀት የወስፋትን እንቁላል አይገድልም። ስለዚህ ይህ ዝቃጭ በእጅ ከመነካቱ በፊት በ70 ዲግሪ ሙቀት ለአንድ ሰዓት ያህል መቆየት፣ ወይም አየር በተነፈገው በርሜል ውስጥ ከስሎ መውጣት አለበት። ሠራተኛው ጓንትና ጫማ ያድርግ፤ ልጆች አይቅረቡት። ብሪኬቱም እንደ ከሰል ሁሉ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲነድ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣልና መስኮት ሳይከፈት አይነደድ። ማገዶው ርካሽ ሆነ ተብሎ የሰው ሕይወት መርከስ የለበትም።

ያልኋቸው ሁለት መንገዶች በአካባቢያችን አገሮች ተሞክረዋል። በሩዋንዳ የኪጋሊ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ተቋም በእስር ቤቶች ታላላቅ ማብላያዎችን ሠርቶ ለወጥ ቤት የሚገዛውን እንጨት በብዙ ቀነሰ፤ ስለዚህም ሥራው እ.ኤ.አ. በ2005 የአሽደንን ሽልማት ተቀበለ። እስር ቤቶቹ የአትክልት ቦታ ስላላቸው ዝቃጩ ወደ አፈር ተመለሰ። በኬንያ ናይቫሻ ደግሞ ሳኒቬሽን የተባለው ድርጅት ባዮጋዝ ሳያወጣ የመጸዳጃውን ቆሻሻ በፀሐይ ሙቀት አጥርቶ፣ ከሰጋቱራና ከመሳሰለው ጋር ቀላቅሎ ብሪኬት ሠርቷል። አንዱ መሬት ነበረውና ለመሬት ሰጠ፤ ሌላው ገበያ ነበረውና ለምድጃ ሸጠ። ሁለቱም ትክክል ሠርተዋል የምልበት ምክንያት እያንዳንዱ በፊቱ ያለውን ስፍራ አይቶ ስለ ሠራ ነው።

አሁን ወደ እኛ ሥራ ልመለስ። ይህን ሁሉ ለተማሪ በንግግር ብቻ ብንነግረው ለፈተና ያጠናዋል፤ ከፈተናም በኋላ ይረሳዋል። ነገር ግን ማንኛውም ትምህርት ቤት በትንሽ ወጪ ሁለት ሙከራዎችን ሊያደርግ ይችላል። የመጀመሪያው የምድጃ ሙከራ ነው። ግማሽ ግማሽ ኪሎ ኩበት፣ ከከብት እበት ዝቃጭ የተሠራ ብሪኬትና ከሰል ተመዝኖ፣ በሦስት ተመሳሳይ ምድጃ ላይ በየተራ ሁለት ሁለት ሊትር ውኃ ይፈላል። ተማሪዎች ውኃው የፈላበትን ደቂቃ፣ የተረፈውን አመድ ክብደትና የጭሱን ሁኔታ ይመዘግባሉ። ሁለተኛው የአፈር ሙከራ ነው። በትምህርት ቤቱ ጓሮ ሦስት እኩል መደቦች ይዘጋጃሉ፤ አንዱ ዝቃጭ፣ አንዱ የኩበት አመድ ይደረግበታል፣ አንዱ ምንም አይደረግበትም። በሦስቱም ጎመን ይተከልና ሲደርስ ይመዘናል። በሁለቱ ሙከራዎች ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ጂኦግራፊና የቤት አያያዝ በአንድ ላይ ይማራሉ። ከዚህም በላይ ልጁ ማታ ቤቱ ሲገባ ለእናቱ የሚነግራት ነገር ይኖረዋል፤ በምድጃው ላይ የመጨረሻውን ፍርድ የምትሰጠውም እርስዋ ናት።

ለትምህርት ቤት ኃላፊዎችም አንድ ቃል ልጨምር። በግቢያችሁ ማብላያ ለማሠራት ብታስቡ አስቀድማችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ በየቀኑ የሚገባው ከየት ይመጣል? ውኃው ከየት ይቀዳል? ዝቃጩ ወዴት ይሄዳል? ብዙ ሰው የሚጠይቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሦስተኛው ሳይመለስ የተጀመረ ሥራ ግን ከወራት በኋላ ሽታና ቅሬታ ያመጣል። የትምህርት ቤቱ ግቢ የአትክልት ቦታ ካለው መልሱ ዝግጁ ነው። ቦታ ከሌለው፣ በአቅራቢያው ያለው የከሰል ነጋዴ ድቃቂውን የት እንደሚጥል መጠየቅ የሥራው መጀመሪያ ነው።

ክቡራትና ክቡራን፤

አባቶቻችንና እናቶቻችን እበት፣ ኩበት፣ ፍግ ብለው ሦስቱን ሲለዩ ከእኛ በፊት ጉዳዩን አስበውበታል። ለዝቃጩ ገና ስም አላወጣንለትም፤ የልማት ሠራተኞች በባዕድ ቃል ስለሪ ይሉታል። ስሙን ሕዝቡ በጊዜው ያወጣለታል። የእኛ ድርሻ መንገዱን ማሳየት ነው፤ መሬት ባለበት ወደ መሬት፣ መሬት በሌለበት ተጣርቶና ተጨምቆ ወደ ምድጃ፤ ከምድጃውም የተረፈው ንጹሕ አመድ እንደ ገና ወደ አፈር። ይህን በቍጥር አስደግፎ የሚመልስ ተማሪ ከየትምህርት ቤታችን ከወጣ፣ በአምቦ ግቢ የተጀመረው ሥራ ፍሬ አፈራ ለማለት እንችላለን።